ከጉባኤ ቤት እስከ አስኳላ፤ የቢቸናና የሞጣ ልጆች የጥበብ ትምህርት

ከዓባይ በረሃ ወጥቶ በደጀን በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ የጮቄን ተራራ በስተግራው፣ የዓባይን ቆላ በስተቀኙ እያደረገ፣ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን በየተራ አልፎ ሞጣ ይደርሳል፤ ከዚሁ መንገድ ገባ ብለውም ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም የተባሉት ጥንታውያን ገዳማት ይገኛሉ። ነጋዴ ይህን አገር በጤፉ ያውቀዋል፤ የቆሎ ተማሪ ግን ከትግራይም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም፣ ከበጌምድርም ተነሥቶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ስንት ወንዝና ስንት በረሃ ተሻግሮ ይመጣበት የነበረው ቅኔ ፈልጎ ነው። ስለዚህ ምድር ባሰብሁ ቁጥር ልቤን የሚያቃጥለው አንድ ነገር አለ። ይኸውም፣ ልጅ በገዛ ልቡናው መርምሮ፣ ከእርሱ በፊት ማንም ያልተናገረውን ሐሳብ አውጥቶ፣ በጉባኤ መካከል እንዲሟገትበት የሚያስገድድ ትምህርት በዚህ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሰጥ ኖሮ ሳለ፣ የዘመኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚያው በቢቸናና በሞጣ ሲተከል፣ ከአባቶች ትምህርት ቤት በቃል ማጥናቱን ወርሶ መመርመሩን ከደጅ ማስቀረቱ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ከጥንቱ ጀምሬ በተራ እተርካለሁ።

የዲማን ገዳም መመሥረት የአገሩ ትውፊት ለአቡነ ተከስተ ብርሃን ይሰጣል፤ በመርጡለ ማርያም ደግሞ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ካሠሩት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የተረፈው ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በዚያው ዘመን ግድም አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ መጽሐፈ ፈላስፋ የሚባለውን ድርሳን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ስለ መለሱት፣ ሶቅራጥስና አፍላጦን፣ አርስጣጣሊስም በኢትዮጵያ ገዳማት ውስጥ እንደ አበው ሁሉ ቃላቸው የሚጠቀስ ጠቢባን ሆኑ። ነገር ግን የሌላ አገር ጠቢብ የተናገረውን መጥቀስ አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ራሱን ጠቢብ እንዲሆን ማስለመድ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ የያዘው ቅኔ ነበረ። ቅኔን በሥርዓት ያቆመው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እንደየወንበራቸው ይለያያሉ፤ ከቅዱስ ያሬድ የሚያነሡት አሉ፣ ዮሐንስ ገብላዊን የሚጠሩ አሉ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን ተዋነይን የሚያስቀድሙም አሉ። በኋላም የቅኔው መንገድ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በሚባሉ ቤቶች ተከፍሎ፣ ከሦስቱ ሁለቱ በጎጃም ምድር ስለ ወደቁ፣ ቅኔ ያማረው ተማሪ ሁሉ ፊቱን ወደ ጎጃም ማዞሩ ልማድ ሆነ።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተጻፈ የሚነገርለት ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ ባለታሪኩን የሚያቀርብልን ከዚሁ የትምህርት ሥርዓት የወጣ ሰው አድርጎ ነው። ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ተምሮ፣ ካህናቱና የውጭ አገር መምህራን ስለ ሃይማኖት ሲጣሉ አይቶ፣ ከዋሻ ተቀምጦ «እውነቱ ማን ዘንድ ነው?» ብሎ በልቡናው ብርሃን የሚመረምር ሰው ነው። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም በበኩሉ ሐተታ ጽፎ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ልጆች አስተዳደግ ምክር ይሰጣል። የኢጣልያኑ ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሰቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው የካቶሊክ መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ብሎ ከተነሣ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም፤ እኔም በዚህ አጭር ትረካ ልፈርድበት አልነሣም። ለኔ ነገር የሚበቃኝ ይህ ነው፦ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊው ሊቅም ይሁን ሌላ፣ ፈላስፋ የሚሆን ሰው ከወዴት ይወጣል ብሎ ሲያስብ ያገኘው ከቅኔ ቤት ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሞጣ ነገር ይመጣል። የሞጣ ጊዮርጊስን መትከል አባቶች የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ለሆኑት ለወይዘሮ ወለተ እስራኤል ይሰጣሉ፤ ከተማይቱም በደብሩ ዙሪያ፣ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር በተሳሰረ ዝምድና አደገች። በሞጣ በኩል ዓባይን የሚሻገረው፣ በፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ፣ ከበጌምድር የሚመጣውንም ወደ በጌምድር የሚሄደውንም ያስተላልፍ ስለ ነበር፣ ለዝማሬ መዋሥዕትና ለመጽሐፍ ትርጓሜ ወደ ላይ የሚወጣውና ለቅኔ ወደ ጎጃም የሚወርደው ተማሪ በዚያ ይተላለፍ ነበር። እንዲህ ያለው ጉዞ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ሰምተው ያሳተሙትን የአለቃ ለማ ኃይሉን መጽሐፈ ትዝታ ያንብብ፤ በልጅነት ከቤት ወጥቶ ቅኔ ፍለጋ በጎጃም መንከራተት ምን እንደ ነበር ከዚያ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም።

እንግዲህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእነማይ ወይም ከሁለት እጁ እነሴ ባላገር የተወለደ ልጅ ምን ይማር እንደ ነበር እንመልከት። ገና ከብት ሲጠብቅ፣ ማታ ከእሳት ዳር እንቆቅልሽ ሲጫወት፣ ያልተናገሩትን ነገር ከተናገሩት ውስጥ ማውጣትን ይለማመዳል፤ ቀን ደግሞ ከዋርካ ሥር ዳኛ በተቀመጠበት ባላገሮቹ «ተጠየቅ!» እየተባባሉ፣ በትራቸውን እየሰበቁ፣ ነገርን በነገር ሲረቱ ቆሞ ይሰማል፤ ሲመለስም ከእኩዮቹ ጋር ዳኛና ባለጉዳይ ሆኖ ይጫወታል። ከዚያ አባቱ እጁን ይዞ ወደ የኔታ ይወስደዋል። ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ያሄዳል፣ ወንጌሉን አልፎ ዳዊት ይደግማል። ይህ ሁሉ የቃል ትምህርት ነው፤ ልጁ የሚያነበውን የግእዝ ቃል ትርጉሙን አያውቅም፣ እንዲያውቅም አይጠየቅም፤ አለንጋውም ከየኔታ ራስጌ አይለይም። የንባብ ቤትን ትምህርት ብቻ አይተው የአባቶችን ትምህርት ቤት በሙሉ «ማነብነብ ነው» ብለው የነቀፉ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ እስከዚህ ድረስ ያሉት ሐሰት አይደለም። ስሕተታቸው ከደጁ ተመልሰው ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ መፍረዳቸው ነው።

ዳዊት የደገመው ልጅ፣ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜው፣ ማለትም ዛሬ አራተኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚሆንበት ጊዜ፣ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ የትምህርቱ ሥርዓት ፈጽሞ ይለወጣል። ግሱንና አገባቡን እየተማረ፣ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አድርጎ፣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ረፋዱ ላይ የኔታ የነገሩትን ቅኔ ምስጢሩን ይሰማል፤ ከዚያ ጉባኤው ተበትኖ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር፣ አንዱ ከወንዝ ዳር፣ አንዱ ከድንጋይ ጥግ ለብቻው ተቀምጦ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። በዚያ ሰዓት ልጁን የሚያነጋግረው የለም። መጽሐፍም ብራናም በእጁ የለ፤ ያለው ያየው ነገርና የሰማው ታሪክ ብቻ ነው። ሕጉም ብርቱ ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም፤ የሌላውን ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ያፍራል። ከልጅ ላይ በየቀኑ አዲስ ሐሳብ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ ስንት ይገኛል?

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጉባኤው ይሰበሰባል፤ የኔታ ከመደባቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎቹ በየተራ እየቀረቡ የቆጠሩትን ይነግራሉ። እንበልና አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጥቅምት ወር ንብ ሲሰደድ አይቶ ውሏል። ሰሙን፣ ማለትም ምሳሌውን፣ ከዚያ አደረገ፤ አውራው ከቀፎ ሲወጣ ሠራዊቱ ሁሉ ይከተለዋል። ወርቁን፣ ማለትም በምሳሌው የተሸፈነውን ምስጢር፣ ደግሞ ከኦሪት አመጣ፤ ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ እስራኤል ተከተሉት። ልጁ በድንጋጤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ሁለቱን ቤት ይናገራል። የኔታ በመጀመሪያ ቀለሙን ይመረምራሉ፤ ቤቱ ይመታል፤ ግሱም አልተሳሳተም። ቀጥሎ ወደ ምስጢሩ ይገባሉ፦ «ልጄ፣ ንቡ አውራውን ሲከተል ያንጐራጕራልን?» ይሉታል። ልጁ «የለም፣ የኔታ» ይላል። «እስራኤልስ በምድረ በዳ ምን አደረጉ?» ልጁ ዝም ይላል። ከኋላ አንድ ትልቅ ተማሪ፣ «የኔታ፣ መንጋው ማረፊያ ሲያጣ እየጮኸ ይዞር የለም? እርሱን ማንጐራጐር ብንለውስ?» ብሎ ለልጁ ይከራከርለታል፤ ሌላው ተነሥቶ «ንቡ የሚጮኸው በአውራው ላይ አይደለም» ብሎ ይመልስለታል፤ ነገሩም እስኪመሽ ድረስ ይሟገቱበታል። በመጨረሻ ሰሙ ወርቁን እንዲሸከም የሚያደርግ አንድ ቃል ልጁ ራሱ ፈልጎ ያገኘ እንደ ሆነ፣ ጉባኤው «ይበል!» ይላል፤ ያላገኘ እንደ ሆነ ግን ቅኔው ፈርሶ፣ ነገ ሌላ ይዞ እንዲመጣ ይሰናበታል።

በዚህ በአንድ ምሽት ውስጥ የሆነውን ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ልጁ የተማረው ግጥም መግጠም ብቻ አይደለም። አንድን ነገር ከሌላ ነገር ጋር ሲያመሳስሉ ምሳሌው እስከ ወዴት እንደሚሄድና ከወዴት እንደሚሰበር መርምሯል፤ ለተናገረው ነገር ምክንያት ተጠይቋል፤ ያልታሰበ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ሐሳቡን በሰው ፊት አርሟል። አርስጣጣሊስ በሥነ አመክንዮ መጻሕፍቱ የጻፈው የምሳሌ ሙግት፣ በዲማና በደብረ ወርቅ ጎጆዎች ውስጥ በልጆች አፍ ሲነገር ነበር። ከቅኔ ቤት አልፎ ወደ መጽሐፍ ቤት የገባውማ አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ሲፈታ፣ አንድ ቃል ብዙ አሳብ ሊሸከም እንደሚችል፣ ሁሉንም አቅርቦ ማመዛዘን የሊቅ ሥራ እንደ ሆነ ይማራል።

ይህን ስል ግን ያ ትምህርት ቤት ጉድለት አልነበረበትም አልልም። የመጨረሻው ወሰን ሃይማኖት ነበር፤ ልጁ ወርቁን እንዴት እንደሚያወጣ ይጠየቃል እንጂ ወርቁ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ዘርአ ያዕቆብ ያለፈውን ወሰን ጉባኤው አላለፈውም። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲለምን ውሻ የነከሰው፣ ርሃብና ተስቦ በየጎጆው የፈጀው ልጅ ቁጥር ሥፍር የለውም። ከሁሉም የሚያሳዝነው የሴቶች ልጆች ከዚያ ጉባኤ መቅረት ነው። በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋባቸው፣ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው በጎጃም በጽላሎ ወንበር ዘርግተው ስንት ሊቃውንት ያፈሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ በሩ ቢከፈት ኖሮ ምን ያህል ሴቶች ሊገቡበት ይችሉ እንደ ነበር ብቻቸውን ይመሰክራሉ።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች፣ ትምህርቱም በብዛት የውጭ አገር ቋንቋ ነበረ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። በእነዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል፣ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አጠገብ የተወለዱ አንድ የጎጃም ልጅ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የአባቶችን ትምህርት ተምረው፣ ኋላ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኰንን የዘመኑን ትምህርት ጨመሩበት፤ እርሳቸውም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በገዛ ሕይወታቸው አስተሳስረው የያዙ ሰው በመሆናቸው፣ ታሪካችን በእርሳቸው ዘንድ ትንሽ መቆም አለበት። ከኢጣልያ ጦርነት በፊት መምህር ነበሩ፤ በጠላት ዘመን ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች ታሰሩ፤ ከተመለሱ በኋላ በዲፕሎማሲ አገልግለው፣ የትምህርት ሚኒስትርም ሆነው ነበር። በ1948 ዓ.ም. «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ፤ ዐሥር ዓመት ቆይተው በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያወጡ ደግሞ፣ የታሪኩን ዋና ስፍራ ዲማ ጊዮርጊስን አድርገው፣ በዚያው ደብር ጉዱ ካሣ የሚባለውን ሰው አቆሙት። ጉዱ ካሣ የተወለደበትን ሥርዓት በሙሉ በጥያቄ የሚያናውጥ፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ጠቢብ ነው። ብዙ አንባቢ የውጭ አገር መጽሐፍ የወለደው ሰው አድርጎ ያስበዋል፤ እኔ ግን በዲማ ጉባኤ ቤት ያደገ ደራሲ እንዲህ ያለውን ጠያቂ ከሩቅ ማምጣት አላስፈለገውም እላለሁ። ጉባኤው ያሳደገው ልጅ ጉባኤው የከለለትን ወሰን ሲያልፍ የሚሆነውን ነው የሆነው።

በአምስቱ የጠላት ዓመታት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ የቢቸና ምድር የበላይ ዘለቀ አርበኞች የሚዋጉበት ሜዳ ሆኖ አለፈ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር በየአውራጃው ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ቢቸናና ሞጣም የየአውራጃቸው ዋና ከተማ እንደ መሆናቸው ቆርቆሮ የለበሰ የአስኳላ ትምህርት ቤት አገኙ። ባላገሩ ፈራው። ልጁ እምነቱን ይጥላል፣ ከእርሻውም ይርቃል ብሎ ሰጋ፤ ከመንግሥት የሚመጣውን ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ማየቱም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ቢቸናም ሞጣም ባመፁበት ዓመት በግልጥ ታየ። ይሁን እንጂ መምህር ጠፍቶ ስለ ነበር፣ በየትምህርት ቤቱ አማርኛውንና ግብረ ገቡን እንዲያስተምሩ የተቀጠሩት ብዙዎቹ ከቤተ ክህነት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ቅኔ የተቀኙ፣ ቤት የሞሉ ሰዎች ከአንደኛ ክፍል ፊት ቆሙ።

የጉባኤውን ጥበብ ወደ አዲሱ ቤት ለማስገባት ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ አልነበረም፤ ያ ጊዜ ግን አለፈ። የክፍሉ ሥርዓት ሌላ ነበርና። ስልሳ ልጅ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ፣ መምህሩ ከሰሌዳው የጻፈውን ይገለብጣል፤ መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፤ ክፍሉ በአንድ አፍ «አዎ፣ ገብቶናል!» ይላል። ያልገባው ልጅ ዝም ይላል፤ የሚጠይቅ ልጅ እንደ ደፋር ይቆጠራል፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተናም የሚጠይቀው የተጠናውን ነው። የንባብ ቤቱ ማነብነብ በቆርቆሮው ሥር ሲቀጥል፣ የቅኔ ቤቱ ክርክር ከደብሩ ግቢ ሳይወጣ ቀረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ የሚከራከሩበት መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ መምህሩ ግን የጥያቄ ሥርዓት ይዞ እንዲገባ ያሠለጠነው ስላልነበረ፣ በቋንቋው የተለወጠው ቃሉ እንጂ ልማዱ አልሆነም። የግብረ ገብ ትምህርትም፣ ደግ የሚባለውንና ክፉ የሚባለውን ለይቶ ያስጠናል እንጂ ደግ ለምን ደግ እንደ ሆነ አያከራክርም ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ዳርቻ አንድ ነገር ተጀመረ። በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር የነበረው ማቲው ሊፕማን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተማሪዎቹ በጥሩ ምክንያት መከራከር ሲያቅታቸው አይቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ማስተማር የዘገየ ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1969 በክርክር የተሞላ የልጆች ታሪክ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ጀርሲ በሞንትክሌር ለዚሁ ሥራ ተቋም መሠረተ፤ አን ማርጋሬት ሻርፕ የተባለች ምሁርም አጋሩ ሆነች። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ታሪኩን በየተራ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ የሚያስገርመውን ነገር ይጠይቃል፣ መምህሩም ጥያቄውን ከጠያቂው ስም ጋር ከሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ልጆቹ ምክንያት እየተሰጣጡ እንዲመረምሩት ያደርጋል። ይህ ሥርዓት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተሰራጨ። ከጉባኤ ቤት ጋር ሳስተያየው የጎደለኝም የተረፈኝም ነገር አገኛለሁ፤ የሊፕማን ልጆች እኛ ያልነካነውን መሠረት ሁሉ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ሴቱም ወንዱም አንድ ክብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የቅኔ ቤቱ ልጅ ደግሞ ከመጠየቅ አልፎ፣ በየቀኑ የራሱን አዲስ ሥራ አቅርቦ በመምህርና በእኩያ እንዲፈተን ይገደዳል።

ሊፕማን ተቋሙን በመሠረተበት በዚያው ዓመት፣ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው አባ ክሎድ ሰምነር የኢትዮጵያ ፍልስፍና በሚል ስም ካሳተሟቸው አምስት ቅጾች የመጀመሪያውን አወጡ፤ መጽሐፈ ፈላስፋም፣ ሁለቱ ሐተታዎችም፣ ፊሳልጎስና ስክንድስ የተባሉት መጻሕፍትም በእንግሊዝኛ ለዓለም ተገለጡ። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ጽኑ ነው። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልወረዱም፤ የቢቸና የአምስተኛ ክፍል ልጅ የአገሩ ሰው ስለ ፍልስፍና የጻፈው ነገር እንዳለ ሳይሰማ አደገ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይነገራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ገዳማቱ የጉባኤ ማቆያ የነበረውን ርስታቸውን አጡ፤ ወንበሮች ተዳከሙ፤ ተማሪውም ሳሳ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው መሠረተ ትምህርት ለሚሊዮኖች ፊደል አስቆጠረ፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። በትምህርት ቤቱ ግን የግብረ ገቡን ስፍራ የፖለቲካ ትምህርት ያዘው፤ የሚጠናው ቃል ተለወጠ እንጂ ማጥናቱ አልተለወጠም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባርን አመጣ፤ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትንም ዓላማው አደረገ። የዓላማውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በሞጣ ክፍሎች ውስጥ ሰሌዳው ከነቦታው፣ «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄም ከነመልሱ ኖረ።

በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሥነ አመክንዮና ጥልቅ አስተሳሰብ የሚል ኮርስ እንዲወስድ ተደረገ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ለዐሥራ ስምንትና ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት የሚሰጥ ነው። ከዲማ አጠገብ የተወለደ፣ ምናልባትም ወንድሙ ቅኔ የሚቆጥር ወጣት፣ መነሻና መደምደሚያ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በባዕድ ቋንቋ፣ ከቤቱ ርቆ፣ አያቱ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ የጀመረውን ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ቀጥሎ የመጣው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብን ወደ ታችኞቹ ክፍሎች መልሶ፣ የአገር በቀል ዕውቀትንም እንዲያካትት ሆኖ ተዘጋጀ። ሥር ሳይሰድ ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ፣ የምሥራቅ ጎጃም ልጆችንም ከክፍላቸው አወጣቸው።

ትምህርት ቤቶቹ በሰላም ሲከፈቱ፣ ለግብረ ገብ ከሚሰጠው ጊዜ በሳምንት አንዲቱን ብቻ ለጉባኤ እንዲለቁልኝ የቢቸናንና የሞጣን መምህራን እለምናለሁ። ለዚህ አዲስ መጽሐፍ መታተም፣ ከውጭ አሠልጣኝ መምጣት አያስፈልግም። ወንበሮቹ ክብ ይሁኑ፤ ከአጥቢያው ደብር አንድ መሪጌታ ተጋብዘው ከመምህሩ ጎን ይቀመጡ፤ አራተኛ ክፍል ያለች ልጅ በመንገድዋ ያየችውን አንድ ነገር በአማርኛ ሰም አድርጋ፣ ሌላ ነገር ወርቅ አድርጋ ታቅርብ፤ ክፍሉም ምሳሌው ከወዴት እንደሚሰበር ይጠይቃት፤ እርስዋም ትመልስ። የሚመልሱት ልጆች ስም ብቻ ሳይሆን የጠየቁትም ስም ከሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ክፍሉ ስልሳ ልጅ ከሆነ በሦስት ይከፈል፤ መሪጌታው አንዱን ክብ፣ መምህሩ አንዱን፣ ከስምንተኛ ክፍል የተመረጠ ተማሪ ሦስተኛውን ይያዝ። ቅኔ ቤትም ታናሹን የሚያስነግረው ታላቁ ተማሪ ነው።